በቁሟ ጥሩምባ የተነፋላት

ሶዶ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለብሩክታይት፣

ሳሮ! ይሄ በእኛው በወላይትኛ፤ በአማርኛው ደግሞ ሰላም ነሽ ወይ? ሥራሽ ሰላም ነው? የአዳማ ሙቀት ሰላም ነው? የመድኃኒት መጋዘኑ፣ በውስጡ ያለው ኪኒን ሁሉ ሰላም ነው? ሰላምታውን አሳጥር ብለሽኛል፤ ይሄው አሳጠርኩ። መምህርታችን ግን “ደብዳቤ ያለ ሰላምታ፣ ቤት ያለ በር” ብላናለች። በሩን ከፍቼልሻለሁ፣ ግቢ።

ባለፈው የላክሁልሽን ሦስት መስመር ማን እንደጻፈልኝ ጠይቀሻል። ማን ይጽፈዋል? እኔ ነኛ! እኔ ደገፉ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ሥጋ ቤት ቆራጭ፣ ሻኛን ከሽንጥ ዓይኔን ጨፍኜ የምለይ፣ አሁን ደግሞ “ሀ”ን ከ“ሐ” ዓይኔን ከፍቼ የምለይ። ከማታ ትምህርቱ አንደኛ ወጣሁ። አብረውኝ የተማሩት አብዛኞቹ ዓይናቸው የደከመ እናቶች መሆናቸውን የሚነግሩሽ ሰዎች ይኖራሉ፤ ቅናት ነው፣ አትስሚያቸው። መምህርቷ ስትጠይቅ እጄን ያላወጣሁበት ቀን የለም። አንዳንዴ ሳትጠይቅም አወጣ ነበር።

በወላይትኛ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። ነገር ግን የእኛ ቋንቋ በላቲን ነው የሚጻፈው፤ እኔ የገባሁበት ክፍል ደግሞ ሀሁ ነው ያስተማረኝ። ላቲኑን በሚመጣው ዓመት ድል አደርገዋለሁ። “በስልክ ጻፍልኝ” ያልሽው አይሆንም። አንዱን ፊደል ስነካ ጣቴ አራቱን ይጫናል። ይህ ጣት የተፈጠረው ለቢላዋ ነው።

በዚህ ዕድሜህ ለምን ተማርክ ላልሽው ግን ቀልዱን ትንሽ ወደ ጎን አደርገዋለሁ። አንቺ ስልክ አታነሺም። ሲጠራ ታይዋለሽ፣ አታነሺም፣ ከዚያ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ። ደብዳቤሽን የሚያነብልኝ ጎረቤታችን መምህር ኤልሳዕ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግን በየመስመሩ መነጽሩን አውልቆ ያየኛል። አንቺም ይህን ስለምታውቂ “ደህና ነኝ፣ ዝናብ ጥሏል” ብቻ ነበር የምትጽፊው። የሰባት ዓመት ደብዳቤሽ ቢሰበሰብ የአዳማ የአየር ሁኔታ ዘገባ ነው። አሁን በመካከላችን መነጽር የለም።

እንግዲህ ንገሪኝ። ጊፋታ በመጣ ቁጥር እናታችን በር በሩን ታያለች። ዘንድሮ የዘመድ ሁሉ ማዕድ የሚቀርበው በእሷ ቤት ነው። “ልጄ ካልመጣች ለሰው አቀርባለሁ እንጂ እኔ አልቀምስም” ብላለች። የወላይታ ሰው በዓመት መለወጫው ሳይቀምስ! እናታችን ጥሩነሽን ታውቂያታለሽ፤ ያለችውን ታደርጋለች። ለምንድነው የማትመጪው? ሰዉ “ኮራች” ይላል። ኩራትን እኔ አውቀዋለሁ፣ እኔ ቤት ነው ያደገው። ያንቺ ኩራት አይደለም።

ጻፊልኝ። ሌላ ዓይን አያየውም።

ወንድምሽ ደገፉ
(በገዛ እጁ)


አዳማ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017

ወንድም ጋሼ፣

ሰላም። “ሌላ ዓይን አያየውም” ስላልክ እጽፋለሁ። ለእናታችን ግን አንብብላት፤ ለእሷም ነው።

ኦቲዝም የሚባል ነገር አለኝ። በሬዲዮ ስለ ሕፃናት ሲወራ ሰምተህ ይሆናል። ሕፃናቱ ያድጋሉ። እኔ አድጌአለሁ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖኛል።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርህ። ማርያማዊት የምትባል የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ስለ ልጇ ሐኪም የነገራትን ምሳ ላይ ስታወራኝ፣ ስለ እኔ የምታወራ መሰለኝ። ማንኪያዬን አስቀምጬ “ይህን ማን ነገረሽ?” አልኳት። አዲስ አበባ ወዳለችው ሐኪም ወሰደችኝ። ብዙ ጊዜ ተመላለስኩ። ሐኪሟ ስትነግረኝ አለቀስኩ። ያዘንኩ መሰላትና እጄን ልትይዝ ነበር። አላዘንኩም። ለዘመናት በተሳሳተ ስም ሲጠሩህ ኖረው በመጨረሻ አንድ ሰው በስምህ ቢጠራህ እንደዚያ ታለቅሳለህ።

በሽታ አይደለም። አይተላለፍም። መድኃኒት አይፈለግለትም፤ ይህን የምልህ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። አእምሮዬ የተሠራበት መንገድ ነው። ድምፅ ሁሉ እኩል ጆሮዬ ይገባል። የሚያናግረኝ ሰው፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ የብርጭቆ ድምፅ፣ ሁሉም እኩል ይጮኻሉ። የሰው ፊት ሲለዋወጥ አያለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ቶሎ አይገባኝም። ሲነኩኝ፣ በተለይ ሳይነግሩኝ ሲነኩኝ፣ ቆዳዬ ይጮኻል።

የመጨረሻውን ጊፋታ አስብ። ግቢው ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ ጉንጬን ሳመኝ፣ በትከሻው ገጨኝ፣ “ተጫወቺ እንጂ!” አለኝ። እኔ ወደ እናንተ ከመምጣቴ በፊት በመስታወት ፊት ፈገግታ ስለማመድ ነበር የሰነበትኩት። እስከ ማዕዱ ድረስ ያንን ፈገግታ ያዝኩት። ከዚያ አለቀብኝ። ተነስቼ እንሰቱ ውስጥ ገባሁና ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ወንጌላዊ ሶርሳና ሽማግሌዎቹ ተከትለውኝ መጥተው ጭንቅላቴን ይዘው ጸለዩልኝ። በፍቅር ነበር፣ አውቃለሁ። ግን ያ ሁሉ እጅ ጭንቅላቴ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዱ “ኩሩ ናት” ሌላው “ክፉ መንፈስ ይዟታል” ማለቱን ሰማሁ። እኔም ሦስተኛ ጨመርኩበት፤ መጥፎ ሰው ነኝ አልኩ። ሰው ወገኖቹ መካከል ሆኖ መሸሽ ከፈለገ ሌላ ምን ይባላል? አሁን እንደዚያ አልልም።

ወስኛለሁ። የተለማመድኩትን ፊት ይዤ አልመጣም። እንደሆንኩት ሆኜ የምቀመጥበት ቦታ ካለ ለጊፋታ እመጣለሁ። ከሌለ አልመጣም፤ እናንተን ስለጠላሁ አይደለም። እናታችንን ጠይቅልኝ። ስትሰማ ካለቀሰች አትደብቀኝ።

እባክህ በዚህ አትቀልድ። ወይም ትንሽ ብቻ ቀልድ። ቀልድህ ናፍቆኛል።

ብሩክታይት


ሶዶ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017

ብሩኬ፣

አላለቀሰችም። ሰላምታውን ዛሬ ዘለልኩት፤ መምህርቴ እንዳትሰማ።

ጓሮ ተቀምጣ እንሰት ስትፍቅ ነበር ያነበብኩላት። እኔ ሳነብ፣ ልንገርሽ፣ ወፎቹ ዝም ይላሉ። “ሕፃናቱ ያድጋሉ” የምትለው ላይ ስደርስ መፋቋን አቆመች። “ድገማት” አለችኝ። ደገምኳት። አሁንም “ድገማት” አለችኝ። ከዚያ ምን እንዳለች በቃሏ ልጻፍልሽ።

“ሕፃን ሳለች ሳቅፋት ታለቅሳለች። አጠገቤ ምንጣፍ ላይ ሳስተኛት ዝም ትላለች። ጎረቤቶቹ ወተትሽ መራራ ነው አሉኝ። አማቴ እጅሽ ከባድ ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ልጄ እኔን አልወደደችኝም ብዬ ዋጥኩት።”  ከዚያ፣ ብሩኬ፣ ሳቀች! “ለካ እኔን አይደለም የጠላችው! አጠገቤ መሆን ነበር የምትፈልገው!” አለች። ሠላሳ አምስት ዓመት የዋጠችውን እዚያው እንሰቱ ላይ ተፋችው። ቦታ አለኝ ወይ ላልሽው መልሷ ይሄ ነው። ወንበርሽ ከወንበሯ አጠገብ ነው።

አሁን የእኔ ተራ። እኔ በሬ ሲወድቅ የማልደነግጥ ሰው ደብዳቤሽን ከጨረስኩ በኋላ እንደገና ከላይ ጀመርኩት። ያንን ሁሉ ድምፅ እኩል እየሰማሽ ትምህርት ቤት ጨረስሽ? ስልሳ ልጅ በሚንጫጫበት ክፍል? ዩኒቨርሲቲ፣ ያ ሁሉ መኝታ ክፍል፣ ያ ሁሉ ካፌ? እኔ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ከሚያንቀላፉ እናቶች ጋር ተቀምጬ “ቀ”ን ለማስተካከል ወር ፈጀብኝ! ከዛሬ ጀምሮ የሶዶ ጀግና ማነው ሲሉኝ ሁለተኛው እኔ ነኝ እላለሁ። ሁለተኛ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ታሪክ ይመዝግብልኝ።

ዕቅዴን ስሚ። በጓሮ በር ትገቢያለሽ። ማንም አይስምሽም። “ተጫወቺ” የሚል ሰው ካለ ራሱ እንዲጫወት አደርገዋለሁ። መነሳት ስትፈልጊ ትነሻለሽ፤ እንሰቱ ያንቺ ነው፣ ቀይ ምንጣፍ ባነጥፍበት ደስ ባለኝ። ሰፈሩን ሁሉ ለእኔ ተይው።

አንድ ጥያቄ አለችኝ። ልጽፋት አልፈለግሁም ነበር፤ እጄ ግን አሁን ፊደል ስለቆጠረ አይታዘዘኝም። ልጆች ሆነን ከትምህርት ቤት ስትመለሺ እኔ በር ላይ ቆሜ ሳታይኝ ታልፊኝ ነበር። እኛን ትወጂናለሽ ወይ? መልሱ የፈለገው ቢሆን ወንበርሽ ወንበርሽ ነው።

ሁለተኛው ጀግና ደገፉ


አዳማ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017

ወንድም ጋሼ፣

እወዳችኋለሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ላይ ምን እንደሚታይ ማርያማዊትን ጠየቅኋት፤ “ምንም” አለችኝ። ግን እወዳችኋለሁ። ፊቴና ልቤ በአንድ መሥሪያ ቤት አይሠሩም።

ሳላይህ የማልፍህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭንቅላቴ ሞልቶ ስለነበረ ነው። አንድ ቃል ቢጨመርበት ይፈስ ነበር። ገበያ አብረን ስንሄድ ግን የእግርህን ዱካ እየረገጥኩ እከተልህ ነበር። አላወቅህም። ቀኝ እግርህ ወደ ውጭ ይዞራል። ዝናብ በዘነበ ቀን ደስ ይለኝ ነበር፣ ዱካህ በደንብ ይታያልና።

የእናታችንን ቃል በጣም ብዙ ጊዜ አነበብኩት።

እመጣለሁ። ከጊፋታ በፊት ባለው ዓርብ ቦዲቲ እደርሳለሁ፤ እዚያ አንድ የማውቃት ልጅ ቤት አድራለሁ። ደክሞኝ ሳለሁ ሰው መሐል መግባት አልፈልግም። ቅዳሜ ጠዋት ሶዶ እገባለሁ። ጆሮዬ ላይ ትልቅ መሸፈኛ ይኖራል፤ ድምፅ ይቀንስልኛል። ሙዚቃ እየሰማች ነው እንዳይሉ።

ለብዙ ሰው አትንገር። “ታማለች” አትበል። ማወቅ ያለበት ሰው ቢኖር እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። ያንን ለማለት እየተዘጋጀሁ ነው። “ሰፈሩን ሁሉ ለእኔ ተይው” ያልከው አስፈርቶኛል።

ብሩክታይት


ሶዶ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017

ብሩኬ፣

ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ዝም ስል ምን ያህል እንደምጎዳ አታውቂም። ሥጋ እየቆረጥኩ ሰዎች “ምነው ደገፉ፣ ታመምክ እንዴ?” ይሉኛል። አንድ የአረካ ሰውዬ ወሬዬ ስለቀረበት ሌላ ሥጋ ቤት ሄደ። መምህር ኤልሳዕ በየሳምንቱ “ደብዳቤ አልመጣም?” ይለኛል፤ መነጽሩን እንደያዘ ይመለሳል፣ ምስኪን።

ከእናታችን ጋር ልምምድ ላይ ነን። እኔ አንቺን ሆኜ በጓሮ እገባለሁ፤ እሷ ሳታቅፈኝ “ሳሮ” ትለኛለች። መጀመሪያ እጆቿ በራሳቸው ይነሱ ነበር፣ የስድሳ ስምንት ዓመት እጅ ነው። አሁን ነጠላዋን ጨብጣ ትይዛቸዋለች። ደህና ተማሪ ናት። ማንን ወልዳ!

ያልሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ። አትፍሪ።

ደገፉ ዝምተኛው


ሶዶ፣ መስከረም 27 ቀን 2018

ብሩኬ፣

ይቅርታ። ይህ ቃል ሲጻፍ እንዴት እንደሚያምር ዛሬ ገና አየሁ፤ በአፌ ብዙ ስለማልጠቀምበት ይሆናል።

አዳማ እንደደረስሽ በላክሽው ደብዳቤ ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። ጥሩምባው እንዴት እንደተነፋ፣ ደግሞም አንቺ ስትናገሪ የሰዉ ፊት ምን ይመስል እንደነበረ። “እኔ ማንበብ አልችልም፣ አንተ አንብብልኝ” ብለሻል። እኔን! ማንበብ! ይህን መስመር ቆርጬ ሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነው።

መጀመሪያ ጥሩምባው። ዓርብ ዕለት ከቦዲቲ የመጡ ሴቶች አንቺን ማየታቸውን ገበያ ላይ አወሩ። ከሰዓት በኋላ የመዘምራኑ ወጣቶች ከበሮ ይዘው ዳገቱ ላይ ሊቀበሉሽ እንደሆነ ሰማሁ። ከበሮ! ደነገጥኩ። ሰፈሩን አትንገር ብለሻል፤ ሰፈሩን አልነገርኩም፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። ያ ሰው ግን ማሞ ነበር። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ማሞ፣ ያ ለቀብር ጠርቶን ማንንም ሳይሰናበት የሚሄደው ሽማግሌ። “ማሞ፣ እኅቴ ብሩክታይት ነገ ትገባለች። ሰዉ እንዳይከብባት፣ እንዳያቅፋት፣ ከበሮ እንዳይመታ፣ ከሩቅ ሰላም እንዲላት ንገርልኝ” አልኩት። “እሺ” አለ። እኔ በየበሩ እያንኳኳ የሚነግር መስሎኝ ነበር። ማሞ ግን ለሕዝብ ከመናገሩ በፊት ጥሩምባ ይነፋል፤ ሌላ መንገድ አያውቅም፣ እኔም ማሰብ ነበረብኝ። ጎህ ሲቀድ በዳሞታ ተራራ በኩል ዳገቱ ላይ ወጥቶ ነፋው። “የደገፉ እኅት ብሩክታይት!” አለ። ከዚያ የነገርኩትን አንድ ቃል ሳያጎድል ተናገረ። ግን የእድር ጥሩምባ ተነፍቶ ስም ከተጠራ በኋላ ቀሪውን የሚሰማ ማን አለ? ሰዉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ።

እኔ የበዓሉ በሬዎች ስለነበሩ ቄራ ነበርኩ። ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የእድሩ አግዳሚ ወንበር ይወርዳል። እናታችን መካከል ቆማ “ልጄ ቦዲቲ ናት! በሕይወት አለች!” ትላለች፤ ሴቶቹ “አይዞሽ፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል” እያሉ ግራና ቀኝ ይይዟታል። እታፈራሁ፣ ያቺ ሰባት ዓመት “ኮራች” ስትልሽ የኖረችው፣ “ያቺ ለሰው ክፉ ያላሰበች! ያቺ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ!” እያለች ደረቷን ትመታለች። ሰው ለመመስገን የግድ መሞት አለበት እንዴ ብዬ ልጮኽባት ስል፣ ባጃጅ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ ፊቱን ብቻ ልሙላልሽ።

ስትወርጂ የመጀመሪያው ፊት ባዶ ነበር። የተዘጋ ሱቅ ፊት። አንዲት ሴት ለቅሶዋ ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ አፏ እንደተከፈተ ቆመች። ቀጥሎ ደስታው መጣ፤ ደስታው ከለቅሶው የባሰ ነበር። ሁሉም ሊወድቅብሽ ሮጠ። ያን ጊዜ የእኔን ፊት ብታዪ ኖሮ ነጭ ነበር፤ ጥቁር ሰው እንዴት ነጭ ይሆናል አትበዪኝ፣ ሆንኩ። ከሰዉ ኋላ ነበርኩና ልደርስልሽ አልቻልኩም። “በቃ፣ አሁን ወደ ባጃጁ ትመለሳለች፤ እኔ ራሴ በአፌ አጣኋት” አልኩ።

አንቺ ግን አግዳሚው ላይ ወጣሽ። ለራስሽ ለቅሶ የመጣው አግዳሚ ላይ! እጅሽን ዘረጋሽና “ቁሙ!” አልሽ።

ቆሙ። ብሩኬ፣ እኔ ሰውን የማስቆም ችሎታ አለኝ፣ ግን ወሬ ስጀምር ነው። እንደዚያ በአንድ ቃል ሲቆሙ አላየሁም።

“አልሞትኩም። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ኦቲዝም አለኝ፤ አብሮኝ ነው የተወለደው። ስታቅፉኝ እጨነቃለሁ። ስትጮኹ ያመኛል። ዓይናችሁን የማላየው ስለናቅኋችሁ አይደለም። ባለፈው የሸሸሁት ከእናንተ ሳይሆን ከጩኸቱ ነው። እወዳችኋለሁ። ራቅ ብላችሁ ሰላም በሉኝ፣ እኔም ሰላም እላችኋለሁ።” ይኸው ነው ያልሽው፣ አንድም ፈገግታ ሳትጨምሪ። እኔ ብሆን ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር፤ መሐሉ ላይም ስለራሴ አስገባ ነበር።

“እውነቱን አትቀንስልኝ” ስላልሽ ክፉውንም ልጻፍ። አንድ ሰው “ለይቶላታል እንዴ?” አለ፤ ፊቱ ንቀት ነበር፣ ስሙን አልነግርሽም፣ ከእኔ ሥጋ ሲገዛ ጅማት የሚደርሰው እሱ ነው። ጥቂት ሰዎች ተቀይመው ሄዱ፤ እንባቸውን አውጥተው የተዘለፉ መሰላቸው። የእታፈራሁ እንባ አገጯ ላይ እንደተንጠለጠለ ለሐዘን ይውረድ ለደስታ ግራ ገብቶት ነበር። ቀስ ብላ “እኔ እኮ ኮራች ስል…” ብላ አልጨረሰችውም። ያላለቀ ዓረፍተ ነገር በእታፈራሁ ፊት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ከዚያ ወንጌላዊ ሶርሳ ወጣ። አንቺ መሬት መሬት ስለምታዪ ጫማውን ብቻ ነው ያየሽው። ፊቱን ልንገርሽ። የሽማግሌ ፊት አልነበረም፤ ያጠፋ ልጅ ፊት ነበር። ሁለቱን እጆቹን ገልብጦ አያቸው፣ ያን ጊዜ ጭንቅላትሽ ላይ የጫናቸውን። ከዚያ ወደ ኋላው ወስዶ ቆለፋቸው፣ ጎንበስ አለና “ሳሮ፣ ልጄ” አለሽ። አንቺም “ሳሮ” አልሽው። ከእሱ በኋላ ሁሉም በተራ እጁን ወደ ኋላ እየቆለፈ መጣ። ከሩቅ ለሚያይ የታሰሩ ሰዎች ሰልፍ ይመስላል። መዘምራኑ እንኳ፣ ከበሮውን አጥር ሥር አስቀምጠው። እናታችን መጨረሻ ላይ መጣች፤ ነጠላዋን የጨበጠችበት ጣቷ ደም አልባ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ማቀፍ የፈለገች እሷ፣ ከሁሉ ይልቅ ራቅ ብላ ቆመች። ያንን ፊት በፊደል የሚያስጽፍ ትምህርት እስካሁን አልገባሁም።

የማዕዱን ዕለት ደግሞ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ልጨምር። መካከል ላይ ተነስተሽ ስትወጪ አጎታችን ሐብተማርያም “ወዴት ነው?” ሊል አፉን ሲከፍት ሥጋ በዳጣ አጎረስኩት፤ ዳጣው እስካሁን ያስለዋል። ተመልሰሽ ስትቀመጪ ክርንሽ የእናታችንን ክርን ነካ። አላነሳሽውም። እሷም ትንፋሿን ይዛ ቆየች፣ ወፍ እንዳይበርባት እንደሚጠነቀቅ ሰው። ያኔ ነው የመጀመሪያውን ጉርሻ የቀመሰችው።

አንድ ነገር ቀረ። ማሞ ሰው በሌለበት ሰዓት ሥጋ ቤት መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ “ተው ማሞ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው” ልል ስል፣ ሚዛኑን እያየ “ያ የእኅትህ ነገር ሽማግሌንም ይይዛል ወይ?” አለኝ። ልቀልድ አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። “ሰው መንገድ ላይ ድንገት ካናገረኝ፣ መልሱ የሚመጣልኝ ቤቴ ስገባ ነው” አለኝ። “ከቀብር ቶሎ የምሄደው ስለማላዝን አይደለም። እሷ አግዳሚው ላይ ሆና ስትናገር፣ የእኔን ነገር ማን ነገራት አልኩ” አለኝ። ቀጥሎ “ጠይቅልኝ” ብሎ ሥጋ ሳይገዛ ሄደ። እኔም ይኸው ጠየቅሁለት።

በአንቺ የሚኮራ፣ ኩራትን የሚያውቅ፣
ወንድምሽ ደገፉ


አዳማ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018

ወንድም ጋሼ፣

ጥሩምባውን ይቅር ብዬሃለሁ። ማርያማዊት ስትሰማ መጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ቆይቼ።

ፊቶቹን ስላነበብክልኝ አመሰግናለሁ። ክፉዎቹንም ስላልደበቅህ ይበልጥ አመሰግናለሁ፤ መልካሞቹን እንዳምን ያደረገኝ እሱ ነው።

ድሮ ከሶዶ ስመለስ አልጋ ላይ እወድቅ ነበር፤ ይህን ነግሬህ አላውቅም። ዘንድሮም ጠብቄው ነበር። አንድ ቀን ተኛሁ፣ ከዚያ ተነሳሁ። ለካ ያደክመኝ የነበረው እናንተ አልነበራችሁም። ፈገግታው ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን ለጋሽ ማሞ አንብብለት። ሰው በሌለበት ይሁን። ከራስህ ምንም አትጨምር።

ጋሽ ማሞ፣ ሰላም ነዎት?

ሽማግሌን አይይዝም፤ አብሮ ነው የሚወለደው። እርስዎ ካለዎት ሁልጊዜም ነበረዎት፤ እሱን ይዘው ነው ይህን ሁሉ ዘመን ሰፈሩን ያገለገሉት። እንዳለዎት ግን እኔ ማወቅ አልችልም፣ የሚያውቀው ሐኪም ነው። ከፈለጉ ወንድሜ እስከ አዳማ ያመጣዎታል፤ ከዚያ አዲስ አበባ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ማውራት የለብንም። ሐኪም ጋ መሄድ ካልፈለጉም ችግር የለም።

መጥፎ ሰው አይደሉም። ይህን ለራሴ ለማለት ረጅም ዘመን ፈጅቶብኛል፤ እርስዎ ብዙ እንዳይጠብቁ አሁኑኑ እልዎታለሁ።

እስከዚያው፣ ሰው መንገድ ላይ ሲያናግርዎትና መልሱ ሲጠፋብዎት “እያሰብኩ ነው” ይበሉ። እኔ እንደዚያ እላለሁ። አብዛኛው ሰው ይጠብቃል።

ብሩክታይት